ሐረጊቱ ጽጌረዳና ባለቤቶቿ

በደጋና በወይና ደጋ ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ቀጋን ያውቃል። ያወቀውም ከመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ ቆዳው ነው። ከብት ሲጠብቅ ቀዩን ፍሬ ለመልቀም እጁን ወደ ቁጥቋጦው ሰዶ ደሙን አፍስሷል። አባቱ የአጥሩን ቀዳዳ ለመድፈን የቆረጠውን የቀጋ እሾህ እየጎተተ አምጥቷል። ዝናቡ አባርቶ ነጫጭ አበቦች በእሾሁ መካከል ሲፈነዱም ሽታውን አሽትቷል። ሆኖም ይህ እሾሃም ሐረግ ጽጌረዳ መሆኑን የነገረው አልነበረም። ጽጌረዳ ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው በከተማ ባለጸጎች ግቢ በዘበኛና በአትክልተኛ የሚጠበቅ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ የክብር አበባ ነበር። እኔም ቀጋ ጽጌረዳ መሆኑን የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ፣ የሥነ ዕፀዋት መምህር ከሆነ ወዳጄ አፍ ነው። ያን ቀን ያፈርኩትን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ስለ ጽጌረዳ ግጥም ጽፌ ነበርና፤ በግጥሙ ውስጥ ያለችው ጽጌረዳ ግን በመጽሐፍ ያነበብኳት የሰው ሀገር ጽጌረዳ ነበረች።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ አበባ ውበት ማውራት አይደለም። ሐረግ ጽጌረዳ፣ ማለትም ድጋፍ እየያዘች የምትወጣዋ ጽጌረዳ፣ ታሪኳ ሲመረመር አንድ ከባድ ጥያቄ ይዞ ይነሣል። ትውልድ በትውልድ ላይ እየተጨመረ በእጅ የተሠራ ሕያው ነገር የማን ነው? የተከለው፣ የገዛው፣ ስም ያወጣለት ወይስ በእጁ ያሳደገው? ይህ ጥያቄ ለአትክልተኛ ብቻ የሚቀርብ አይደለም። ዜማን፣ ተረትንና የሸማ ጥለትን የሚመለከት በመሆኑ መምህሩንም የኪነ ጥበብ ሰውንም ይመለከታል።

በመጀመሪያ ተክሏን ራሷን እንመልከት። ሐረግ ጽጌረዳ እንደ ወይን የሚጠመጠም ክር የላትም። እንደ ሌሎች ሐረጎችም ግንዷን በዛፍ ላይ አታዞርም። የምትወጣው በእሾኋ ነው። ወደ ታች የቆለመመው እሾህ በአጠገብ ባለው ዛፍ ወይም ድንጋይ ላይ እንደ ሜንጦ ይነክሳል፤ ግንዱ ይረዝማል፤ ሌላው እሾህ ደግሞ ከፍ ብሎ ይነክሳል። ስለዚህ ለጠላት መከላከያ የምንለው እሾህ ለእርሷ መሰላል ጭምር ነው። በዱር ውስጥ መሰላሏን የምታሳርፍበት ዛፍ አላት፤ በሰው ግቢ ግን እጅ ካልደገፋት ወድቃ መሬት ለመሬት ትሳባለች። የሐረግ ጽጌረዳ ታሪክ ከሰው እጅ ታሪክ ተለይቶ የማይነገረው ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚህች ተክል ባሕርይ ውስጥ አንድ ተቃርኖ አለ። የዱር ሐረግ ጽጌረዳ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ታብባለች፤ የቀረውን ጊዜ የምታሳልፈው ቁመት በመጨመር ነው። ዓመቱን ሙሉ የምታብብ ጽጌረዳ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ቁጥቋጦ ናት፤ እያንዳንዱ ቀንበጥ ገና ሳይረዝም በአበባ ይቋጫልና። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የዚህን ምክንያት ገልጧል። በዱር ጽጌረዳ ውስጥ ማበብን የሚገታ ዘረ መል አለ። በቻይና በተገኙት ዘወትር አባቢ ጽጌረዳዎች ውስጥ ግን አንድ ተንቀሳቃሽ የዘር ቁራጭ በዚያ ዘረ መል መካከል ገብቶ ሥራውን አስቁሞታል። ልጓሙ ሲበጠስ አበባው አላቋርጥ አለ፤ በዚያው ልክ ቁመቱ አጠረ። ያ ቁራጭ ከቦታው ሲወጣ ደግሞ ተክሏ እንደገና መርዘም ትጀምራለች፤ አበባዋም ወደ አንድ ወቅት ይመለሳል። እንግዲህ መውጣትና ዘወትር ማበብ እርስ በርሳቸው የሚጋፉ ነገሮች ነበሩ። ሁለቱን በአንድ ግንድ ላይ ለማስታረቅ ብዙ ትውልድ ለፍቷል።

ልፋቱን የጀመሩት የቻይና አትክልተኞች ናቸው። ዘወትር የምታብበውን ጽጌረዳ ከሌሎች ለይተው፣ ቁራጯን እየተከሉ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠበቋት። ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ከእነዚህ ጽጌረዳዎች አራቱ ወደ እንግሊዝ ሀገር ገቡ። በአውሮፓ መዝገብ የሰፈሩበት ስም ግን የአሳዳጊዎቻቸው ስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1792 የገባችው ቀይዋ ስሌተር በተባለ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹም ስም ተጠራች። በ1793 የመጣችው ሐምራዊት የፓርሰንስ፣ በ1809 የመጣችው የሂዩም፣ በ1824 የመጣችው ቢጫዪቱ ደግሞ የፓርክስ ተባሉ። መርከብ የነበረው፣ ገንዘብ የነበረው ወይም መልእክተኛ ሆኖ የሄደው ስሙን አተረፈ። ለዘመናት ውኃ ያጠጣው እጅ ግን ስም የለሽ ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው ምዕራፍ በሰሜን አሜሪካ ይፈጸማል። በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ በደቡብ ካሮላይና በቻርልስተን ከተማ አካባቢ ጆን ቻምፕኒስ የተባለ የሩዝ እርሻ ባለጸጋ ነበር። በዚህ ሰው የአትክልት ቦታ የቻይናዋ ሐምራዊት ጽጌረዳ በምስክ ሽታዋ ከምትታወቅ ረጅም ሐረግ ጽጌረዳ ጋር ተዳቀለች። ከዚህ መዳቀል የተነሣው ዘር የሚወጣም፣ ደጋግሞ የሚያብብም ሆነ። ያ ታላቅ ተቃርኖ የመጀመሪያውን እርቅ ያገኘው በዚህ ቦታ ነው። ነገር ግን ያ ቦታ ምን ዓይነት ቦታ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። የቻርልስተን የሩዝ ሀብት የተገነባው ከአፍሪካ በግዞት በተወሰዱ ባሪያዎች ጉልበት ነው። የአትክልት ቦታውም የቆመው በዚያው ሀብት ላይ ነው። ዛሬ በየሀገሩ በረንዳ ላይ የምትስቀው ለስላሳ አበባ ከዚያ ሀብት ጋር ዝምድና እንዳላት ማወቅ ውበቷን አይቀንስባትም፤ የእኛን ዕውቀት ግን ያስተካክላል።

ሦስተኛው ምዕራፍ ጥያቄያችንን በሕግ ፊት ያቆመዋል። ዋልተር ቫን ፍሊት የተባለ አሜሪካዊ ሕክምናውን ትቶ ዕፀዋት ወደ ማዳቀል የዞረ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 በእርሱ ስም የተጠራች ብርቱ ሐረግ ጽጌረዳ ለገበያ ወጣች። ከአያቶቿ አንዷ ዊኩራና የተባለች፣ ከምሥራቅ እስያ የመጣች፣ መሬት ለመሬት የምትሳብ የዱር ጽጌረዳ ናት። የቫን ፍሊት ጽጌረዳ ቁመቷ የሚያስደንቅ ቢሆንም የምታብበው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ቫን ፍሊት በ1922 ሞተ። ከሞተ በኋላ ከእርሷ የተባዛ አንድ ተክል በኒው ጀርዚ በሚገኝ የችግኝ ጣቢያ ውስጥ ማንም ሳያዝዘው ባሕርዩን ለውጦ ደጋግሞ ማበብ ጀመረ። አዲሲቱ ጽጌረዳ በ1930 «ኒው ዶውን» ማለትም «አዲስ ንጋት» ተብላ ወጣች። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት በዘር ሳይሆን በቁራጭና በመሰል መንገድ የሚባዛ አዲስ ተክል በግል ባለቤትነት እንዲመዘገብ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ነሐሴ 18 ቀን 1931 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ቦዘንበርግ የተባለ ሰው ይህችን ጽጌረዳ አስመዘገበ። የዕፀዋት ፓተንት ቁጥር አንድ ሐረግ ጽጌረዳ ሆነች።

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ለውጡን ያመጣው ተክሉ ራሱ ነው። እናቲቱን ተክል ያዳቀለው ሰው ሞቷል። ከእርሱ በፊት የምሥራቅ እስያ ዱር፣ የቻይና አትክልተኛና የአውሮፓ አዳቃይ በየተራ እጃቸውን አግብተውበታል። በመጨረሻ ያየው ሰው ግን ወረቀቱን ወሰደ። በሌላ በኩል የማየት ዋጋም ዋጋ ነው። ያ ሰው ለውጡን አይቶ ባይለየው ኖሮ ያ ቀንበጥ ከሌሎች ጋር ተቆርጦ ይጣል ነበር። ለደከመበት አዳቃይ ካሣ መክፈልም ፍትሕ ነው እንጂ በደል አይደለም። ስሕተቱ የሚጀምረው የመጨረሻው እጅ ብቸኛው እጅ ተደርጎ ሲቈጠር ነው። ያ ፓተንት ይጸና የነበረው ለ17 ዓመታት ብቻ በመሆኑ በ1948 አበቃ። ወረቀቱ አረጀ፤ «አዲስ ንጋት» ግን እስከ ዛሬ በየአጥሩ ትወጣለች።

ባለቤትነትን ከወረቀት ሌላ በሆነ መንገድ የምታሳይ ሐረግ ጽጌረዳም አለች። በጀርመን ሀገር በሂልደስሃይም ካቴድራል ግድግዳ ላይ አንዲት የዱር ጽጌረዳ አሥር ሜትር ያህል ወጥታ ትኖራለች። አፈ ታሪክ ዕድሜዋን እስከ 815 ዓመተ ምሕረት እ.ኤ.አ. ያደርሰዋል። መጋቢት 22 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. ከተማይቱ በአውሮፕላን ቦምብ ስትደበደብ ካቴድራሉ ፈረሰ፤ ጽጌረዳዋም ነደደች። ሥሯ ግን በፍርስራሹ ሥር ተርፎ በዚያው የጸደይ ወራት አዲስ ቡቃያ አወጣ። የከተማው ሰው እንደ ራሱ ትንሣኤ ቈጠረው። ስለ እርሷ የባለቤትነት ሙግት የሚያነሣ የለም፤ ጠባቂዋ ሁሉ ባለቤቷ ነውና።

ስለ አያያዟ ጥቂት ሳልናገር ባልፍ ግን ለአንባቢ ያጓደልኩ ይመስለኛል። እኔ በግቢዬ የተከልኳትን የመጀመሪያዋን ሐረግ ጽጌረዳ ሳላውቅ በድያታለሁ። ቶሎ ከፍ እንድትል በመሻት ግንዷን ቀጥ አድርጌ ከግንብ ጋር አሰርኳት። ሁለት ዓመት ጠብቄ ያየሁት አበባ ሁሉ ከግንቡ ጫፍ ላይ ነበር። እግሯ ባዶ ሆኖ አበባውን የሚያየው ጎረቤቴ ብቻ ሆነ። አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ አይተው ሳቁና «ልጄ፣ አጋድመው እንጂ! ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ለጫፉ ብቻ ያስባል» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው። የቀና ግንድ ጫፍ ከታች ያሉትን እንቡጦች የሚያፍን ንጥረ ነገር ወደ ታች ይልካል። ግንዱ ጋደም ሲል ይህ ጭቆና ይላላና በየአንጓው ያሉት ቡቃያዎች ሁሉ ቀና ብለው ያብባሉ።

ስለሆነም ሐረግ ጽጌረዳ የሚተክል ሰው ጉድጓዱን ከግንቡ ሥር ሁለት ስንዝር ያህል አርቆ ይቆፍር፤ የግንብ ሥር ዝናብ የማይደርሰው ደረቅ መሬት ነውና። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋር ይደባልቅ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ዋና ዋናዎቹን ግንዶች ከመቁረጥ ይልቅ ግራና ቀኝ እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ፣ በሚቆርጥ ሽቦ ሳይሆን በለስላሳ ገመድ ላላ አድርጎ ይሰር። ከዚያም በኋላ አበባቸውን የጨረሱትን የጎን ቀንበጦች ሁለት ወይም ሦስት እንቡጥ አስቀርቶ ይግረዝ፤ ያረጀውን ግንድም ከሥሩ አውጥቶ ለወጣቱ ቦታ ይልቀቅ። በዓመት አንድ ጊዜ የምታብበዋ የምታብበው ባለፈው ዓመት እንጨት ላይ ስለ ሆነ የምትገረዘው አበባዋ እንደ ረገፈ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚገርዛት ሰው የመጪውን ወቅት አበባ ይቆርጣል። ውኃው በጠዋት ለሥሯ እንጂ ለቅጠሏ አይሁን። በክረምት ጥቁር ነጠብጣብ ይዞት የረገፈው ቅጠልም ተለቅሞ ይወገድ።

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። የእንግሊዙ ተመራማሪ ጆን ሊንድሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ስለ ጽጌረዳ ዝርያዎች ባሳተመው መጽሐፍ ቀጋን «ሮዛ አቢሲኒካ» በሚል ስም መዘገበ። የዕፀዋት ሊቃውንት ቀጋን የሚመድቡት ከምስክ ጽጌረዳና ከዊኩራና ጋር በአንድ ክፍል ነው። ከዚህ ክፍል ነው የዓለም ሐረግ ጽጌረዳዎች አብዛኛዎቹ የተወለዱት። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ጽጌረዳ እርሱ ብቻ ነው። እንግዲህ ቀጋ ለእነዚያ ዝነኛ እኅቶቹ እንግዳ አይደለም፤ የሥጋ ዘመዳቸው ነው። ለዩነቱ እነርሱ እጅ አገኙ፤ እርሱ ግን መጥረቢያ አገኘ።

በሌላ በኩል ከ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ወዲህ ሀገራችን ጽጌረዳ በብዛት ለውጭ ገበያ የምታቀርብ ሆናለች። በየእርሻው ጣራ ሥር የሚሠሩት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። የሚያመርቷቸው ዝርያዎች በውጭ ሀገር የተዳቀሉ በመሆናቸው ለአዳቃዮቻቸው ክፍያ ይከፈልባቸዋል። የኒው ጀርዚው ወረቀት በዚህ መንገድ ደጃችን ድረስ መጥቷል። በ1998 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ተከታትለው ወጡ። አዋጅ ቁጥር 481 የአዳቃዮችን መብት ደነገገ፤ እርሱም በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1068 ተተክቷል። አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ የዕፀዋትና የእንስሳት የዘር ሀብት ባለቤቶች መንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ መሆናቸውን፣ የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤትም ማኅበረሰቡ ራሱ መሆኑን አወጀ። የሁለቱ አዋጆች ቁጥር መከታተል ለእኔ ትርጉም አለው። የመጨረሻውን እጅ የሚያከብር ሕግ የመጀመሪያውንም እጅ ካላከበረ ጎደሎ ነውና።

ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን አይበቃም። ሕዝብ የማያውቀውን ሀብት አዋጅ አያቆይለትም። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ቀጋው አጥር ወስዶ «ይህ ጽጌረዳ ነው» ሊላቸው ይገባል። ሠዓሊው ጽጌረዳ ሲሥል፣ ገጣሚውም ጽጌረዳን ሲያነሣ በእሾህ የተወጋበትን የልጅነት አጥር ቢያስታውስ መልካም ነው። እኔም በበኩሌ ያን አሮጌ ግጥሜን ትቼዋለሁ። ባለፈው ክረምት ግን ከእናቴ ሀገር ያመጣሁትን የቀጋ ችግኝ በግቢዬ ከሐረግ ጽጌረዳዬ ጎን ተከልኩ። ገና ጉልበቴ አልደረሰም። አንድ ቀንበጡን ጋደም አድርጌ አስሬዋለሁ።