ፀረ ፈንገስና ፀረ ቫይረስ መድኃኒቶች

ፀረ ፈንገስና ፀረ ቫይረስ መድኃኒቶች በፈንገስና በቫይረስ የሚመጡ በሽታዎችን ለማከም ወይም ለመከላከል የሚሰጡ ሁለት የመድኃኒት ወገኖች ናቸው። የሚዋጉት ተሕዋስ ፈጽሞ የተለያየ ቢሆንም የሚገጥማቸው ፈተና ግን አንድ ነው፤ በሽታ አምጪውን ሲመቱ የታማሚውን ሕዋስ ሳይነኩ ማለፍ አለባቸው። ባክቴሪያ በአሠራሩ ከሰው ሕዋስ እጅግ ስለሚርቅ ፔኒሲሊንን የመሰሉ መድኃኒቶች ሰውን ብዙም ሳይጎዱ ይገድሉታል። ፈንገስ ግን እንደ ሰው ሕዋስ ኒውክሊየስ አለው፤ ብዙዎቹ ኢንዛይሞቹም ከሰው ኢንዛይሞች ጋር ይመሳሰላሉ። ቫይረስ ደግሞ የራሱ ሕዋስ እንኳ የለውም፤ የሚራባው ሰው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ በዚያው ሕዋስ መሣሪያ ነው። ስለዚህ የእነዚህ መድኃኒቶች ፈዋሽነትም ሆነ ጉዳት የሚወሰነው በሽታ አምጪውን ከሰው በሚለየው ጠባብ ልዩነት ላይ ምን ያህል በትክክል እንደሚያነጣጥሩ ነው። አሞክሳሲሊንን የመሰለ አንቲባዮቲክ በፈንገስም ሆነ በቫይረስ ላይ ምንም አያደርግም፤ እንዲያውም ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን በመግደል ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ እንዲስፋፋ በር ይከፍታል።

የፈንገስ ሕዋስ ከሰው ሕዋስ በሁለት ነገር ጎልቶ ይለያል። አንደኛው በሕዋሱ ሽፋን ውስጥ ያለው ቅባት ነው፤ በሰው ሽፋን ውስጥ ኮሌስትሮል ያለበትን ቦታ በፈንገስ ውስጥ ኤርጎስቴሮል ይዞታል። ሁለተኛው ሰው ጭራሽ የሌለው የሕዋስ ግድግዳ ሲሆን ይህም ቤታ ግሉካንና ካይቲን ከተባሉ የስኳር ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ፀረ ፈንገሶች ከሁለቱ በአንዱ ላይ ያርፋሉ።

ኤርጎስቴሮልን በቀጥታ የሚይዙት ፖሊየኖች ይባላሉ። የመጀመሪያው ኒስታቲን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1950 ይፋ ያደረጉት በኒው ዮርክ ግዛት ጤና መሥሪያ ቤት ይሠሩ የነበሩት ኤልዛቤት ሊ ሄዘንና ሬቸል ፉለር ብራውን ናቸው። ሄዘን ከአፈር የለዩዋቸውን ተሕዋስያን ከኒው ዮርክ ከተማ ወደ ኦልባኒ በፖስታ ይልካሉ፤ ብራውን ደግሞ ፈዋሹን ንጥረ ነገር ያወጣሉ። ሁለቱ ሴቶች ከግኝቱ የሚያገኙትን ገቢ ለሳይንስ ምርምር መስጠታቸው በመድኃኒት ታሪክ ውስጥ ሊታወስ የሚገባው ነው። ኒስታቲን ከአንጀት ወደ ደም ስለማይገባ የሚያገለግለው በዋናነት በአፍ፣ በቆዳና በሴት ብልት ለሚወጣ ካንዲዳ ነው።

ወደ ሰውነት ውስጥ ዘልቆ ለሚገባ የፈንገስ በሽታ መፍትሔ ሆኖ የመጣው አምፎቴሪሲን ቢ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ በቬኔዙዌላ ኦሪኖኮ ወንዝ አካባቢ ከተወሰደ አፈር ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ ተለየ። መድኃኒቱ ኤርጎስቴሮልን ሲይዝ የሕዋሱ ሽፋን ይበሳሳል፣ በውስጡ ያለው ፖታሲየም ይፈሳል፣ ፈንገሱም ይሞታል። የሚገድላቸው የፈንገስ ዓይነቶች ብዛት እስከ ዛሬ ከሌሎቹ ይበልጣል፤ መቋቋምም ብዙ አላጋጠመውም። ዳሩ ግን ኮሌስትሮልንም በመጠኑ ይይዛል። በደም ሥር ሲሰጥ ትኩሳትና ብርቱ ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል፤ ከዚያ የባሰው የኩላሊት ጉዳት ነው። ኩላሊቱን ለመጠበቅ ታማሚው አስቀድሞ የጨው ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጠዋል፤ ፖታሲየምና ማግኒዚየም በሽንት ስለሚባክኑም የደም ምርመራው ይደጋገማል። በ1990ዎቹ የመጣው በጥቃቅን የስብ እንክብሎች የተጠቀለለው ሊፖሶማል ዓይነት የኩላሊቱን ጉዳት በእጅጉ ቀንሷል፤ ዋጋው ግን ከቀድሞው ብዙ እጥፍ ነው።

ኤርጎስቴሮል በፈንገስ ብቻ ሳይሆን ካላዛርን በሚያመጣው ሌሽማንያ በተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ውስጥም አለ። ስለዚህ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ ፈንገስ ላልሆነ በሽታም ዋና መድኃኒት ሆኗል። በሑመራና በመተማ ቆላ፣ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ከደጋ በሚወርዱ የወቅት ሠራተኞች ላይ ካላዛር ከኤችአይቪ ጋር ተዳብሎ ሲገኝ ከሚልቴፎሲን ጋር ተጣምሮ ይሰጣል።

አዞሎች መንገዳቸው ሌላ ነው፤ የተሠራውን ኤርጎስቴሮል ከመያዝ ይልቅ እንዳይሠራ ያግዱታል። ሥራውን የሚያከናውነው ኢንዛይም ሳይቶክሮም ፒ450 ከሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ነው፤ የሰው ጉበትም ብዙ መድኃኒቶችን የሚያስወግደው በዚሁ ቤተሰብ ኢንዛይሞች ነው። አብዛኛው የአዞሎች ችግር የሚመነጨው ከዚህ ዝምድና ነው። በ1981 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኬቶኮናዞል የሰውን የሆርሞን አሠራር ጭምር እያወከ በወንዶች ላይ የጡት ማደግ ያመጣ ነበር፤ ጉበትንም ስለሚጎዳ የክኒኑ አጠቃቀም ዛሬ እጅግ ተገድቧል። እንግሊዝ አገር በፋይዘር ቤተ ሙከራ የተሠራው ፍሉኮናዞል ግን ለፈንገሱ ኢንዛይም ይበልጥ ያደላል። ከተዋጠው ከ90 በመቶ በላይ ወደ ደም ይገባል፣ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ወዳለው ፈሳሽ በደንብ ይዘልቃል፣ ወደ ሰውነት ከገባው ግማሹን ለማስወገድ 30 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ በቀን አንዴ መውሰድ ይበቃል። ለሴት ብልት ካንዲዳ 150 ሚሊግራም አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። አስፐርጊለስ የተባለውን ፈንገስ ግን አይነካም፤ ለዚያ ቮሪኮናዞል ተመራጭ ነው። አዞሎች የዋርፋሪንን፣ የፌኒቶይንንና የሲምቫስታቲንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርጉ ታማሚው የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

የሕዋስ ግድግዳን የሚመቱት ኤኪኖካንዲኖች ናቸው፤ የመጀመሪያው ካስፖፈንጂን በ2001 ተፈቀደ። ሰው ግሉካን ስለማይሠራ ጉዳታቸው አነስተኛ ነው፤ ለብርቱ የካንዲዳ ሕመም በመጀመሪያ የሚመረጡትም ለዚህ ነው። እስካሁን በሰፊው የሚሠራባቸው በደም ሥር ብቻ ሲሆን ክሪፕቶኮከስ የተባለውን ፈንገስ አይገድሉም።

ፍሉሳይቶሲን በ1957 የተሠራው ለካንሰር ታስቦ ነበር፤ ለዚያ አልበጀም። ፈንገስ ውስጥ ሲገባ ግን በፈንገሱ ኢንዛይም ወደ ፍሎሮዩራሲል ይለወጥና የዘር ቅንጣቱን ሥራ ያፈርሳል። የሰው ሕዋስ ይህ ኢንዛይም የለውም፤ የአንጀት ባክቴሪያዎች ግን አላቸው፤ በእነሱ በኩል የሚፈጠረው መርዝ የአጥንት መቅኔን ሊያደክም ይችላል። ብቻውን ሲሰጥ ፈንገሱ በቶሎ ይለምደዋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከሌላ ጋር ይጣመራል። በክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር ሕክምና ያለው ዋጋ ትልቅ ነው። በቦትስዋና፣ በማላዊ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በዩጋንዳና በዚምባብዌ የተካሄደውና በ2022 የታተመው ጥናት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ በኪሎ 10 ሚሊግራም ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ፣ ከ14 ቀን ፍሉሳይቶሲንና ፍሉኮናዞል ጋር ሲሆን፣ ለሰባት ቀን በየዕለቱ ከሚሰጠው የቀድሞው ሕክምና እንደማያንስ አሳየ፤ ጉዳቱም አነስተኛ ነበር። ለድሃ አገር ሆስፒታል ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ተቀበለው።

ቆዳን፣ ፀጉርንና ጥፍርን የሚይዙ ፈንገሶች ለሕይወት አያሰጉም፤ የሚያጠቁት ሰው ግን እጅግ ብዙ ነው። ጭርት በክሎትሪማዞል፣ በማይኮናዞል ወይም ቤንዞይክና ሳሊሲሊክ አሲድ ባለው በዊትፊልድ ቅባት ይድናል። በተማሪዎች ራስ ላይ የሚወጣው ቆረቆር ግን በቅባት አይድንም፤ ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ግሪሲዮፉልቪን አዲስ በሚበቅለው ፀጉር ኬራቲን ላይ ተጣብቆ ፈንገሱ እንዳይከፋፈል ያግዳል፤ በበሽታው የተያዘው ፀጉር እስኪተካ ድረስ ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ መወሰድ አለበት፤ ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ይበልጥ ወደ ደም ይገባል። ተርቢናፊን የኤርጎስቴሮልን ሥራ ገና ከመነሻው ስለሚያግድ በተለይ ለጥፍር ፈንገስ ይመረጣል። ማሳከክን ያስታግሣል ተብሎ በዘፈቀደ የሚቀባ የስቴሮይድ ቅባት ጭርትን ለጊዜው አደብዝዞ ይበልጥ ያስፋፋዋል።

በቫይረስ በኩል የመጀመሪያው ፈቃድ ያገኘ መድኃኒት በ1963 ለዓይን ሄርፒስ የዋለው አይዶክሲዩሪዲን ነው። የሰውንም ዲኤንኤ ስለሚያውክ በአብዛኛው ከዓይን ሕክምና አላለፈም። ቫይረሱን ለይቶ መምታት እንደሚቻል በግልጽ ያስመሰከረው በበሮውስ ዌልካም ኩባንያ፣ ገርትሩድ ኤሊየን ከመሩት የምርምር ቡድን የወጣው አሲክሎቪር ነው። አሲክሎቪር ብቻውን ሥራ የለውም። ሥራ የሚጀምረው የሄርፒስ ቫይረስ ታይሚዲን ካይኔዝ የተባለ የራሱ ኢንዛይም ፎስፌት ሲጨምርበት ነው፤ የቀሩትን ሁለት ፎስፌቶች የሰው ሕዋስ ይቀጥልለታል። ከዚያ ቫይረሱ አዲስ ዲኤንኤ ሲሠራ አሲክሎቪርን እንደ ትክክለኛ ክፍል አስገብቶ ይቀጥለዋል፤ ቀጣዩ ክፍል የሚያያዝበት ቦታ ስለሌለው ሰንሰለቱ እዚያው ይቆማል። ቫይረስ የሌለበት ሕዋስ መድኃኒቱን ስለማያነቃው አይጎዳም። ኤሊየን በ1988 ከጆርጅ ሂቺንግስና ከጄምስ ብላክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

አሲክሎቪር በአፍ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው ከ15 እስከ 20 በመቶ ብቻ ስለሆነ በቀን አምስት ጊዜ ይዋጣል፤ በጉበት ወደ አሲክሎቪር የሚለወጠው ቫላሲክሎቪር ይህን ድካም ያቃልላል። ለአልማዝ ባለጭራ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር የተሻለ ይሠራል። በደም ሥር በፍጥነት ከተሰጠ በኩላሊት ውስጥ ጠጥሮ ሊጎዳ ስለሚችል ቀስ ተብሎ፣ ከበቂ ፈሳሽ ጋር ይሰጣል። በነርቭ ውስጥ ተደብቆ የሚኖረውን ቫይረስ ግን አያጠፋም፤ ስለዚህ ሄርፒስ ሊመለስ ይችላል።

ለኢንፍሉዌንዛ የሚሰጠው ኦሴልታሚቪር አዲሶቹ ቫይረሶች ከሕዋሱ ተላቀው እንዳይወጡ ያግዳል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ኤችአይቪ ከሁሉም በላይ ብዙ መድኃኒት የተሠራለት ቫይረስ ነው። ዚዶቩዲን በ1964 ለካንሰር ተብሎ ተሠርቶ ተረስቶ ከቆየ በኋላ በ1987 የመጀመሪያው የኤችአይቪ መድኃኒት ሆነ። ቫይረሱ አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጥበትን ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ያግዳል። ይህ ኢንዛይም ስሕተቱን የሚያርምበት መንገድ ስለሌለው በየግልባጩ ለውጥ ይፈጠራል፤ አንድ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ የሚቋቋመው ዝርያ በወራት ውስጥ ይነግሣል። በ1996 ሦስት መድኃኒቶችን በአንድነት መስጠት ሲጀመር የበሽታው ታሪክ ተለወጠ፤ ለሦስቱም በአንድ ጊዜ መቋቋምን የሚያዳብር ቫይረስ መፈጠሩ እጅግ ያዳግታልና። በኢትዮጵያ ሕክምናው በ2003 በክፍያ፣ በ2005 ደግሞ በነፃ ተጀመረ። ክፍያው መቅረቱ ለብዙ ቤተሰብ የሞትና የሕይወት ልዩነት ነበር። ዛሬ የተለመደው ቴኖፎቪርን፣ ላሚቩዲንንና ዶሉቴግራቪርን በአንድ ክኒን ያጣመረው ነው። ዶሉቴግራቪር የቫይረሱ ዲኤንኤ በሰው ዲኤንኤ ውስጥ እንዳይሰካ ያግዳል፤ የጨጓራ አሲድ ማርከሻ ከሚወሰድበት ሰዓት ተለይቶ መዋጥ አለበት። ቀድሞ የተሰካውን ቫይረስ የሚያወጣ መድኃኒት ስለሌለ ሕክምናው ዕድሜ ልክ ነው። ለመከላከል ደግሞ በስድስት ወር አንዴ የሚወጋው ሌናካፓቪር በደቡብ አፍሪካና በዩጋንዳ በተደረገ ጥናት ከተሰጣቸው 2134 ሴቶች አንዷም በቫይረሱ አልተያዘችም።

ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የጉበት በሽታ የሚያመጣውን ሄፓታይተስ ቢንም ይገታሉ፤ ሁለቱም ቫይረሶች ያሉበት ሰው መድኃኒቱን በድንገት ቢያቆም ጉበቱ በብርቱ ሊቆጣ ይችላል። ሄፓታይተስ ሲ ግን ፈጽሞ ይድናል። በ2013 የተፈቀደው ሶፎስቡቪር ከሌላ ጋር ተጣምሮ ብዙውን ጊዜ በ12 ሳምንት ከመቶ ዘጠና አምስቱን ያህል ይፈውሳል፤ ይህ ቫይረስ እንደ ኤችአይቪ በሰው ዲኤንኤ ውስጥ የሚደበቅበት ቦታ የለውም። አሜሪካ ውስጥ የሕክምናው ዋጋ መጀመሪያ 84 ሺህ ዶላር ነበር፤ ግብፅ ግን አገር ውስጥ በተመረተ ርካሽ ክኒን ሚሊዮኖችን ማከም ችላለች።

መድኃኒት የመላመድ ችግር በሁለቱም ወገኖች አለ። አማንታዲን የተባለው መድኃኒት በዚህ ምክንያት ለኢንፍሉዌንዛ መሰጠቱ ቀርቷል። አስፐርጊለስ ታማሚው አዞል ቀምሶ ሳያውቅ ሊቋቋመው ይችላል፤ ለእርሻ ከሚረጩት ፀረ ፈንገሶች አንዳንዶቹ ከአዞሎች ጋር አንድ ዓይነት ስለሆኑ መላመዱ በማሳ ላይ ሊጀምር ይችላል። በ2009 ጃፓን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው ካንዲዳ አውሪስ በሆስፒታል ውስጥ የሚዛመት ሲሆን አንዳንድ ዝርያዎቹ ሦስቱንም ዋና የፀረ ፈንገስ መደቦች ይቋቋማሉ።

ሁለቱ ወገኖች በአንድ ሰው ላይ የሚገናኙት አብዛኛውን ጊዜ በኤችአይቪ ሕክምና ነው፤ በዚህ ላይ ሳንባ ነቀርሳ ሲጨመር አሰጣጡ ይወሳሰባል። የሳንባ ነቀርሳው መድኃኒት ሪፋምፒሲን የጉበትን ኢንዛይሞች ስለሚያነሣሣ ዶሉቴግራቪርን ከደም ቶሎ ያስወግዳል፤ በቀን አንዴ ይወሰድ የነበረው 50 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ይሆናል። ፍሉኮናዞልንም ይቀንሳል። አምፎቴሪሲን ቢና ቴኖፎቪር ሁለቱም ኩላሊትን፣ ፍሉሳይቶሲንና ዚዶቩዲን ደግሞ የአጥንት መቅኔን ስለሚጎዱ አብረው ሲሰጡ ምርመራው ይጠናከራል። የክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር የያዘው ሰው የኤችአይቪ መድኃኒት የሚጀምረው የፈንገሱ ሕክምና ከተጀመረ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ቀደም ብሎ ከተጀመረ የሚያገግመው የመከላከል አቅም በአንጎል ውስጥ በቀረው ፈንገስ ላይ በኃይል ተነሥቶ ሊገድል ይችላል።