«ስቲቭ» ብለው የፈረሙት ወይዘሮ

ስቴፋኒ ሸርሊ በ1939 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ሕፃናትን ከናዚዎች ባሸሸው ባቡር ተሳፍረው፣ በአምስት ዓመታቸው እንግሊዝ አገር ገቡ። ካደጉ በኋላ በፖስታ ቤት የምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ፤ ማታ ማታ ስድስት ዓመት ተምረውም በሒሳብ ዲግሪ ያዙ። በ1962 ቅጥሩን ትተው በስድስት ፓውንድ መነሻ ከመኖሪያ ቤታቸው የግል ሥራ ጀመሩ።

የመረጡት ሙያ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። በዚያ ዘመን ፕሮግራም ከማሽኑ ጋር በምርቃት የሚሰጥ ነገር ስለነበር ብዙዎች ሳቁባቸው። በነፃ የሚገኘውን ማን ይገዛል? ያውም ከሴት! እሳቸው ግን ድርጅታቸውን «ፍሪላንስ ፕሮግራመርስ» አሉት። ስሙን የሰማ ሁሉ ሥራቸው ምን እንደሆነ፣ በምን መልክ እንደሚሠሩም ያውቃል። ከእኛ መካከል አዲስ የጀመረች እህት «ምን ትሠሪያለሽ?» ስትባል «የተገኘውን ሁሉ» ማለት ይቀናታል። ትሕትና ይመስላል፤ ጠያቂው ግን ነገ ሥራ ሲያይ ለማን እንደሚጠቁም አያውቅም። «የሠርግ ቀሚስ ጥልፍ» ያለችው ሠርግ በተደገሰ ቁጥር ትታወሳለች።

ራስን ማስተዋወቁ ከዚህም ከበደ። ወይዘሮ ሸርሊ ለድርጅቶች ደብዳቤ ቢጽፉ መልስ ጠፋ። ባለቤታቸው «ስቲቭ ብለሽ ፈርሚ» አሏቸው። በወንድ ስም ሲፈርሙ መልስ መምጣት ጀመረ፤ ሴት መሆናቸው የሚታወቀው ቢሮ ከገቡ በኋላ ነው። ይህን ስንወያይበት አልተስማማንም። «ማታለል ነው» ያልን አለን። «ያታለለውስ ፊርማ አይቶ ደብዳቤ የሚጥለው ነው» ያልንም አለን። ወደ ሁለተኛው እናዘነብላለን፤ ያቀረቡት ሙያ እውነተኛ ነበርና።

ሥራ ሲበዛ በትዳርና በልጅ ምክንያት ከሥራ የወጡ ባለሙያ ሴቶችን ሰበሰቡ። ሴቶቹ ቤታቸው ሆነው ፕሮግራሙን በእርሳስ ወረቀት ላይ ይጽፉና በፖስታ ይልኩታል። ስልክ ሲደወል የልጆች ጫጫታ እንዳይሰማ የጽሕፈት መኪና ድምፅ የተቀዳበት ቴፕ ይከፍቱ ነበር። (ሕፃን አዝላ በስልክ ዋጋ የተከራከረች አባላችን ይህን ስትሰማ ብዙ ሳቀች።) ሥራ የሚይዙትም በቁርጥ ዋጋ ነበር። የኮንኮርድ አውሮፕላን የበረራ መረጃ መቅጃ ሣጥን ፕሮግራም የተሠራው በእነዚሁ ሴቶች እጅ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች 297ቱ ሴቶች ነበሩ። በ1975 የወጣው የፆታ አድልዎን የሚከለክል ሕግ ግን ሴቶችን ለይቶ መቅጠርን ከለከላቸው፤ በሩ ለወንዶችም ተከፈተ። በኋላም የድርጅቱን ድርሻ ለሠራተኞቻቸው አካፍለው፣ ሰባ የሚሆኑት ሚሊየነሮች ሆኑ። ወይዘሮ ሸርሊ በ2025 እስካረፉ ድረስ ወዳጆቻቸው የሚጠሯቸው «ስቲቭ» እያሉ ነበር።