ደጋሀቡርና ሰቆጣ፤ ሁለት ሟቾች በፋሽስት ጋዜጦች ዓይን

ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ቲቶ ሚኒቲ የተባለ ኢጣሊያዊ አብራሪ በደጋሀቡር አካባቢ አውሮፕላኑ ወድቆበት ተያዘና ተገደለ። ወሬው ሮማ እንደ ደረሰ የፋሽስቱ ጋዜጦች ስሙን በሰፊው አስተጋቡት። አንገቱ መቆረጡን እየደጋገሙ ጻፉ፤ ኢትዮጵያዊ ሥልጣኔ የማይገባው አረመኔ ነው የሚለውን የቆየ ስብከታቸውንም አጠናከሩበት። ለሚኒቲ የወርቅ ሜዳይ ተሰጠው፤ መንገዶች በስሙ ተሰየሙ፤ የሬጆ ካላብሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬም የሚጠራው በእርሱ ስም ነው።

የተማረከን ጠላት መግደል የሚያኮራ ተግባር አይደለም፤ ይህ ጸሐፊም ጥብቅና አይቆምለትም። ጥያቄው ሌላ ነው። በዚያው ሳምንት ከዋግ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በተከዜ መሻገሪያዎች የሞቱት ስለ ምን ስም አጡ?

በዚያ የራስ እምሩ ጦር ሰፍሮ ነበር። አውሮፕላኖች ከቦምብ ይልቅ በርሜል መሰል ነገር ጣሉ፤ ከውስጡም ፈሳሽ ፈሰሰ። እጅ እግር፣ ፊት ሁሉ ውኃ ቋጠረ፤ ከወንዙ የጠጡትም ለሰዓታት ሲያጣጥሩ ቆይተው ሞቱ። ወታደሩ ብቻ አልነበረም፤ ከብት ሊያጠጣ የወረደ ገበሬም ነበረበት። በሳንሱር ሥር ያሉት የሮማ ጋዜጦች ስለ እነዚህ ዝም አሉ። የጋዙ ነገር በዓለም መድረክ ሲነሣ ደግሞ ለአብራሪው ደም የተሰጠ አጸፋ ነው ተባለ። ቀኑን ማየት ይበቃል፤ የተከዜው መርዝ የወረደው ሚኒቲ ከመሞቱ በፊት ነው። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ይህንኑ አቤቱታ ጄኔቭ ሲያቀርቡ በፉጨት ያወኳቸው የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ነበሩ።

ከሃያ አንድ ወር በኋላ የሰቆጣ ተራ ደረሰ። የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1929 ዓ.ም. ክረምት በላስታና በዋግ የተነሣውን አመፅ መርተው መስከረም 14 ቀን 1930 ዓ.ም. ወደቁ። ራሳቸው ተቆርጦ በሰቆጣና በቆረም አደባባይ ለሕዝብ መቀጣጫ ታየ። ሚኒቲ ሲሞት የደቡብ ግንባር አዛዥ የነበረው ግራዚያኒ ያን ጊዜ በአዲስ አበባ እንደራሴ ነበር። እንግዲህ ያው የአንገት መቆረጥ በደጋሀቡር ሲሆን የአውሬነት ማስረጃ፣ በሰቆጣ ሲሆን ግን የጸጥታ ማስከበሪያ ሆኖ ተቆጠረ።

(እኛም ከነቀፋ አናመልጥም። የደጃዝማቹን ስም በክብር አንሥተን አብረዋቸው የወደቁትን የዋግና የላስታ ገበሬዎች ‹‹ተከታዮቻቸው›› ብለን በጅምላ እናልፋለን።)

ከድል በኋላም ሚዛኑ አልተስተካከለም። በኢትዮጵያ ላይ ለተሠራው ወንጀል አንድም ኢጣሊያዊ አዛዥ ለዓለም አቀፍ ችሎት አልቀረበም። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በአገሩ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ እርሱም በጥቂት ወራት ተፈታ። በወረራው ዘመን መኮንን የነበረው ስመ ጥሩ ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ጋዝ አልተጣለም እያለ ለብዙ ዓመታት ሲሟገት ኖረ። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ሰነድ ቢያቀርብም አልተቀበለውም። ስሕተቱን ያመነው በ1988 ዓ.ም. የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ድርጊቱን በይፋ ካረጋገጠ ወዲያ ነው። በተከዜ ዳር ቆዳው ተቃጥሎ የተረፈ እረኛ ቢኖር በዚያ ዓመት ሽማግሌ ነበር።