«ዶ ዤቺ»፡ ከአሳታሚያቸው ጋር የተለያዩ ጋዜጠኞች መጽሔት

«ዶ ዤቺ» በዋርሶ የሚታተም ወግ አጥባቂ የፖለቲካ ሳምንታዊ መጽሔት ነው። ስያሜው «ወደ ፍሬ ነገሩ» እንደማለት ነው። የመጀመሪያው እትም ለንባብ የበቃው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2013 ሲሆን መሥራች ዋና አዘጋጁ ፓቬው ሊሺትስኪ ናቸው።

ታሪኩ ግን የሚጀምረው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሊሺትስኪ «ዤችፖስፖሊታ» የተባለውን ዕለታዊ ጋዜጣ ይመሩ በነበረበት በ2011 መጀመሪያ ላይ፣ የጋዜጣው አሳታሚ «ኡቫዣም ዤ» የተሰኘ ሳምንታዊ መጽሔት ማውጣት ጀመረ። ስሙ የቃላት ጨዋታ ነው። ሐረጉ «እኔ እንደሚመስለኝ» ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃል ሆን ተብሎ በተለመዱት ፊደላት ሳይሆን፣ ድምፃቸው ተመሳሳይ በሆነውና የእናት ጋዜጣው ስም በሚጀምርባቸው ፊደላት ተጽፏል። ሀሌታው «ሀ» እና ሐመሩ «ሐ» ሲምታቱበት የኖረ የአማርኛ አንባቢ ቀልዱ አይጠፋውም። መጽሔቱ በአጭር ጊዜ ከመቶ ሺህ ቅጂ በላይ ይሸጥ ጀመር።

በዚያው ዓመት የንግድ ሰው የሆኑት ግዤጎዥ ሃይዳሮቪች አሳታሚ ኩባንያውን፣ የመንግሥትን 49 በመቶ ድርሻ ጨምሮ፣ ገዙት። ሊሺትስኪም ከጋዜጣው ተነስተው በመጽሔቱ ብቻ ተወሰኑ።

ፍንዳታው የመጣው ኦክቶበር 30 ቀን 2012 ነው። ጋዜጠኛ ትሴዛሪ ግሚዝ፣ በኤፕሪል 2010 ፕሬዚዳንት ሌኽ ካቺንስኪን ጨምሮ 96 ሰዎች ስሞሌንስክ ላይ ባለቁበት አውሮፕላን ስብርባሪ ላይ የፈንጂ ምልክት ተገኝቷል ሲል «ዤችፖስፖሊታ» ላይ ጻፈ። የፖላንድ መንግሥት ኮሚሽን በ2011 አደጋውን በዋናነት ከጭጋጉና አብራሪዎቹ ከሚፈቀደው ከፍታ በታች ከመውረዳቸው ጋር ያያያዘው በመሆኑ፣ ዜናው አገር አናወጠ። ወታደራዊው ዐቃቤ ሕግ በዕለቱ አስተባበለ። ግሚዝና የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ተባረሩ። አሳታሚውን በይፋ የነቀፉት ሊሺትስኪም በኖቬምበር መጨረሻ ተሰናበቱ፤ አብዛኞቹ የመጽሔቱ ጸሐፊዎችም ተከትለዋቸው ወጡ።

ባለሀብቱ የመጽሔቱን ስም እንደያዙ ቀሩ፤ አንባቢው ግን ስሙን ትቶ ጸሐፊዎቹን ተከተለ፣ ሽያጩም አሽቆለቆለ። ከወጡት ከፊሎቹ በካርኖቭስኪ ወንድማማቾች ወደሚመራው «ሲዬቺ» ሲሄዱ፣ ግሚዝና አምደኛው ራፋው ዚዬምኪዬቪች ከሊሺትስኪ ጋር «ዶ ዤቺ»ን ጀመሩ። አዲሱም መጽሔት ቢሆን ያለ ባለሀብት አልቆመም፤ አሳታሚው «ቭፕሮስት» የተባለውን አንጋፋ ሳምንታዊ መጽሔት ከሚያሳትመው ኩባንያ ጋር የተሳሰረ ነው።

በይዘቱ የካቶሊክ እምነትን፣ የአገር ሉዓላዊነትንና ታሪክን ያስቀድማል፤ ብራስልስን አጥብቆ ይተቻል። ሊሺትስኪ በወግ አጥባቂነታቸው የሮማውን ፓፓ ፍራንሲስን እስከ መንቀፍ ደርሰዋል። የወርኃዊው የታሪክ እትሙ አዘጋጅ የነበሩት ፒዮትር ዚኾቪች ደግሞ፣ ፖላንድ በ1939 ከጀርመን ጋር መወገን ነበረባት የሚል መጽሐፍ ጽፈው ብዙዎችን አስቆጥተዋል።

የገንዘቡ ጉዳይ ግን ከአቋሙ ይልቅ ያነጋግራል። «ሕግና ፍትሕ» ፓርቲ በ2015 ሥልጣን ሲይዝ የመንግሥት ኩባንያዎች ማስታወቂያ ተቺ ከሆኑት ኅትመቶች ሸሽቶ «ዶ ዤቺ»ን ወደመሳሰሉት ጎረፈ። ቀደም ሲል በሊበራሎቹ ዘመንም ማስታወቂያው ለሊበራሎቹ ጋዜጦች ያደላ ነበር። በዲሴምበር 2023 መንግሥት ሲለወጥ የማስታወቂያው አቅጣጫም አብሮ ተለወጠ።