የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጾችና የገጽታ ለውጥ ውዝግብ

ክፍት ምንጭ የሚባለው ሶፍትዌር፣ ማለትም ኮዱ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያባዛው በፈቃድ የተለቀቀ የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ በየአገሩ ተበታትነው በሚኖሩና ብዙዎቹ በአካል ተያይተው በማያውቁ ሰዎች የሚሠራ በመሆኑ፣ ከጥንቱም የጋራ ማስቀመጫና የጋራ መነጋገሪያ ያስፈልገው ነበር። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኮዱ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም በአንድ በጎ ፈቃደኛ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ፣ ማሻሻያውም በኢሜይል ይላላክ ነበር። በኖቬምበር 1999 ቪኤ ሊነክስ ሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሶርስፎርጅን ሲከፍት ግን ማስቀመጫው፣ የስህተት መዝገቡና የማውረጃ ገጹ ያለ ክፍያ በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰበሰቡ።

ያለ ክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት ወጪውን የሚሸፍን ሌላ አካል ስላለው፣ የድረ ገጹን መልክ የሚወስነውም ያው ወጪ ሸፋኝ ሆነ። ሶርስፎርጅ የቆመበት ኮድ መጀመሪያ ክፍት የነበረ ሲሆን፣ በ2001 ኩባንያው ወደ ዝግ ሶፍትዌር ሽያጭ ዞረ፤ ጂኤንዩ የተባለው የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ማስቀመጫ የሆነው ሳቫና ግን ቀድሞ በተለቀቀው ክፍት ኮድ ላይ ተመሥርቶ ቀጠለ። ከዚህ የባሰው የመጣው በማስታወቂያ በኩል ነው። ጊምፕ የተባለው የሥዕል ማቀናበሪያ ፕሮግራም ሠሪዎች በ2013 የዊንዶውስ እትማቸውን ከሶርስፎርጅ ያነሡት፣ እውነተኛውን የማውረጃ ቁልፍ መስለው በገጹ ላይ የሚደረደሩት ማስታወቂያዎች ተጠቃሚውን ያሳስቱ ስለነበርና፣ ድረ ገጹ ከፕሮግራሞች ጋር ያልተጠየቀ ሶፍትዌር የሚያቀርብ መጫኛ ስለጀመረ ነበር። ስለዚህ የገጽታ ጉዳይ የውበት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ቀደም ብሎ ታይቷል።

በዚህ መካከል ገንቢዎቹን ከማንኛውም ድረ ገጽ ነጻ ያወጣል ተብሎ ሊገመት የሚችል መሣሪያ ተፈጥሮ ነበር። የሊነክስ ከርነል፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ሠሪዎች ቢትኪፐር በተባለው ዝግ የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ፕሮግራም በነጻ የመጠቀም ፈቃዳቸው ሲቋረጥ፣ መሪያቸው ሊነስ ቶርቫልድስ በኤፕሪል 2005 ጊትን ጻፈ። ጊት የኮድን ለውጥ ደረጃ በደረጃ የሚመዘግብ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሙሉ ቅጂ የፕሮጀክቱን ታሪክ በሙሉ ስለሚይዝ፣ አንዱን ድረ ገጽ የጠላ ሰው ኮዱን ከነታሪኩ ይዞ ወደ ሌላው መሄድ ይችላል። በ2008 የተከፈተው ጊትሃብ ግን በዚህ መሣሪያ ዙሪያ ጊት ራሱ የማያውቃቸውን ነገሮች አቆመ፤ ስህተትና ጥያቄ የሚመዘገብበትን ኢሹ፣ ለውጥ ቀርቦ የሚመረመርበትን ፑል ሪኩዌስት፣ እንዲሁም የአድናቂ ምልክት የሆነውን ኮከብ። ኮዱ ተንቀሳቃሽ ሆኖ ሳለ ውይይቱ በኩባንያው ገጽ ላይ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ የተነሡት የገጽታ ጠቦች ሥረ መሠረታቸው እዚህ ላይ ነው።

ገንቢዎች ለውጥ ይጠላሉ የሚለው የተለመደ ፍርድ የ2016ን ሁኔታ ይዘነጋል። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ በመቶዎች የሚቆጠሩ የፕሮጀክት ኃላፊዎች ለጊትሃብ በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ የተማጸኑት ለውጥ እንዲመጣ ነበር። አንድ ስህተት ሲመዘገብ ችግሩ የደረሰበት ሰው ሁሉ «+1» ብቻ ጽፎ ያልፋል፤ እያንዳንዷ «+1» ደግሞ ጉዳዩን ለሚከታተሉት ሁሉ ኢሜይል ሆና ትደርሳለች። ኩባንያው በማርች በአንድ ጠቅታ ስሜት የሚገለጽባቸውን ምልክቶች ሲጨምር እፎይታው ሰፊ ነበር። ቅሬታ የሚቀሰቅሰው እንግዲህ ለውጡ ራሱ ሳይሆን ለማን ታስቦ መደረጉ ነው።

ማይክሮሶፍት ጊትሃብን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት በ2018 ከተስማማ በኋላ፣ በ2020 የፕሮጀክቶች ዋና ገጽ ተለወጠ። ቀድሞ ከፋይሎቹ ዝርዝር በላይ ይታዩ የነበሩት መግለጫ፣ የእትሞችና የቋንቋዎች መረጃ ወደ ቀኝ ዳር ተገፉና የፋይሉ ዝርዝር ጠበበ። በሰፊ ስክሪን ላይ ደግሞ ርእሱና ማውጫው ወደ ግራ ጥግ ሲሸሹ ይዘቱ መሐል ላይ ቀረ። በ2023 የኮድ ማንበቢያው እንደገና ሲሠራ በብሮውዘሩ የቃል መፈለጊያ ምትክ የድረ ገጹ የራሱ መፈለጊያ መጣ፤ ረጅም ፋይልም በሙሉ ሳይሆን በሚታየው መጠን ብቻ ይጫን ጀመር። የቅሬታው አንድ ክፍል የልማድ ጉዳይ መሆኑ አይካድም። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ኮድ እየመረመረ ለሚውል ሰው ልማድ ማለት የእጅ ፍጥነት ነው፤ ጊትሃብ ግን በዚያው ዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ እንዳለው አስታውቆ ስለነበር፣ ነባሮቹ ከብዙኃኑ መካከል ጥቂቶች ነበሩ። ኪራይ የማይከፍል ተከራይ ስለ ቤቱ አሠራር ሲናገር የሚሰማው ጥቂት ነው።

ገንቢዎቹ የሰጡት የመጀመሪያ መልስ ጥገና ነበር። ሪፋይንድ ጊትሃብ የተባለው የብሮውዘር ተጨማሪ የድረ ገጹን መልክ በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ ያስተካክላል፤ ዝግ የሆነውን የኩባንያ ገጽ በበጎ ፈቃድ የሚያርመው ይህ ክፍት ፕሮጀክት የሚገኘውም እዚያው ጊትሃብ ላይ ነው።

ሁለተኛው መልስ የራስን ማስቀመጫ ማቆም ሆነ። የሊነክስ ዴስክቶፕ ሠሪዎች የሆኑት ጂኖም በ2018፣ ኬዲኢ በ2020 ጊትላብ የተባለውን የኮድ ማስቀመጫ ሶፍትዌር በየራሳቸው ሰርቨር ተከሉ። ጊትላብ ራሱ በ2023 ማውጫውን ሲለውጥ ግን የሰርቨር ባለቤትነት ብቻውን አልበቃም፤ አሮጌውን እትም ይዞ መቆየት የሚቻለው የደኅንነት ማረሚያ እስከሚቋረጥበት ጊዜ ብቻ ነውና። በበርሊን የተመሠረተው ኮድበርግ የተባለ የኮድ ማስቀመጫ በ2019 ሌላ መንገድ ጀመረ፤ የሚተዳደረው አባላት ድምፅ በሚሰጡበት ማኅበር ሲሆን፣ የሚሠራበት ፎርጄዮ የተባለው ሶፍትዌርም ክፍት ኮድ ነው። ዚግ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በኖቬምበር 2025 ከጊትሃብ ወደ ኮድበርግ ሲዛወር ኮዱ ከነታሪኩ ሄደ፤ የቀድሞዎቹ ኢሹዎች ግን በነበሩበት ስለቀሩ፣ የአዲሶቹ ቁጥር ከአሮጌዎቹ ጋር እንዳይምታታ ከ30000 እንዲጀምር ተደረገ።