ያገለገለ የቅርንጫፍ መክተፊያ፤ ታሪኩና አመራረጡ

ቅርንጫፍ ማገዶ በሆነበት አገር የቅርንጫፍ መክተፊያ መኪና አያስፈልግም። በእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ሳይቀር ተለቅሞ በሴቶች ጀርባ ወደ ምድጃ ሲወርድ ኖሯል። መክተፊያው የተወለደው በተቃራኒው ቅርንጫፍ ዋጋ ባጣበትና የሰው ጉልበት በተወደደበት ሥፍራ ነው። ስለዚህ ታሪኩ በአመዛኙ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ታሪክ ነው። ይህን ታሪክ ማወቅ ለመኪናው ገዢ ተግባራዊ ጥቅም አለው፤ ያገለገለ መክተፊያ የሚገዛ ሰው ከብረቱና ከሞተሩ ጋር መኪናው የተሠራበትን ዘመን አስተሳሰብ፣ በተለይም ያ ዘመን ለሠራተኛው እጅ የሰጠውን ግምት አብሮ ይገዛልና።

እንጨትን በመኪና መክተፍ በስፋት የተጀመረው በወረቀት ኢንዱስትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 በስዊድን አገር በርግቪክ በተባለ ሥፍራ ካርል ዳንኤል ኤክማን እንጨትን በኬሚካል ቀቅሎ የወረቀት ጥሬ ዕቃ የማውጣትን ዘዴ በፋብሪካ ደረጃ ሥራ ላይ አዋለ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘዴው እየተስፋፋ ሲሄድ ኬሚካሉ ወደ እንጨቱ ውስጥ ዘልቆ ይገባ ዘንድ ግንዱን አስቀድሞ ወደ ትናንሽና ተመሳሳይ ክታፊ መለወጥ ግድ ሆነ። ለዚህም ስለቶች የታሰሩበት ከባድ ተሽከርካሪ ዲስክ ከአንድ ቋሚ ስለት ጋር ተጣምሮ ያገለግል ጀመር። ይሁን እንጂ መኪናው በፋብሪካው መሠረት ላይ የተተከለ በመሆኑ እንጨቱ ወደ እርሱ ይሄድ ነበር።

መክተፊያውን በጎማ ላይ አስቀምጦ ወደ ዛፉ እንዲሄድ ካደረጉት ምክንያቶች ዋናው የኤሌክትሪክና የስልክ መስመር መስፋፋት ነው። በሽቦ አጠገብ የሚያድግ ዛፍ በየጊዜው መገረዝ አለበት። በ1928 በፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት ሦስቱ የአስፕለንድ ወንድማማቾች ያቋቋሙት ኩባንያ በዚህ ሥራ እጅግ አድጎ ኋላ የራሱን መክተፊያ መኪና እስከ መሥራት ደርሷል። በመንገድ ዳር የተከመረውን ቅርንጫፍ ሳይከትፉ መጫን አየርን እንደ መጫን ይቆጠራል፤ ከተከተፈ ግን ብዙ የጭነት ምልልስ ይቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት የዛፍ በሽታ ነው። የኤልም ዛፍን የሚገድለው የሻጋታ በሽታ በ1930 በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ከታየ በኋላ በአሜሪካ ከተሞች ጎዳና ለጎዳና ተዛመተ፤ በ1970ዎቹም በብሪታንያ ሚሊዮኖች ዛፎችን ጨረሰ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ጥንዚዛ በሞተ እንጨት ልጥ ሥር ስለሚራባ የተቆረጠውን ፈጥኖ ማጥፋት ያስፈልግ ነበር። ቀላሉ መንገድ ማቃጠል ነበር፤ ነገር ግን በ1970 አሜሪካ የአየር ንጽሕና ሕጓን ካጠናከረች ወዲህ ብዙ ክፍለ ግዛቶችና ከተሞች ከቤት ውጭ ማቃጠልን ከለከሉ ወይም ገደቡ። እሳቱ ሲከለከል የመክተፊያው ገበያ ሰፋ።

የጥንቶቹ ተሳቢ መክተፊያዎች አብዛኞቹ ባለ ከበሮ ነበሩ። ሞተሩ ስለት የታሰረበትን ከባድ የብረት ከበሮ ያሽከረክራል፤ ከበሮው ጉልበት ያጠራቅማል፤ ቅርንጫፉ ሲገባ ስለቱ ራሱ እየነከሰ ይስበዋል። የሚያጎርስ ሌላ ክፍል የለም። ቅርንጫፉ ከሠራተኛው እጅ በድንገት ተመንጭቆ ስለሚገባና ጫፉ እየተወራጨ ስለሚማታ፣ የአሜሪካ ሠራተኞች መኪናውን «ወርውረህ ጎንበስ በል» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለት ነበር። በሥነ ፍጥረት ሕግ መሠረት የከበሮው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የተጠራቀመው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ሞተሩን ማጥፋት ከበሮውን አያቆመውም፤ ያ ጉልበት ተሟጦ እስኪያልቅ ድረስ መዞሩን ይቀጥላል።

ለውጡ የመጣው አጉራሽ ሮለሮች በሃይድሮሊክ ኃይል መሥራት ሲጀምሩ ነው። በ1983 በሚሺጋን ክፍለ ግዛት ሬመስ በተባለች ትንሽ ከተማ የተቋቋመው ባንዲት ኩባንያ ከመጀመሪያው አንሥቶ የተሰለፈው በዚህ ዓይነት ባለ ዲስክ መክተፊያ ነው። ከዚህ ወዲህ የቅርንጫፉ አገባብ ፍጥነት በስለቱ ንክሻ ሳይሆን በሮለሩ ይወሰናል፤ ሮለሩም በአንድ ዘንግ ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይዞራል። ሆኖም አደጋው መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። በደቂቃ 30 ሜትር የሚስብ ሮለር አንድ ሜትር ለመሳብ የሚፈጅበት ሁለት ሴኮንድ ብቻ ነው። ጓንቱ ወይም እጅጌው በቅርንጫፍ የተያዘበት ሠራተኛ ለማሰብም ሆነ ለመጮህ ያለው ጊዜ ይኸው ነው።

ከ1992 እስከ 2002 ባሉት ዓመታት በአሜሪካ 31 ሰዎች በመክተፊያ ሳቢያ ሞተዋል። አብዛኞቹ በመኪናው ተስበው ሲሆን፣ ከቀሩት የሚበዙት ተፈናጥሮ በወጣ ነገር ወይም በመኪናው ክፍል ተመትተው ነው። የአሜሪካ የዛፍ ሥራ ደኅንነት ደረጃ በ1972 ወጥቶ በየጊዜው ተሻሽሏል። በአውሮፓም በ2005 የወጣው የመክተፊያ ደረጃ በመቀበያው አፍ ታችና ጎን የሚዞር ማቆሚያ ዘንግ እንዲኖር አድርጓል፤ የሚሳበው ሰው እጁ ባይደርስ እንኳ እግሩ ወይም ገላው ዘንጉን ገፍቶ ሮለሩን እንዲያቆም ነው።

እንግዲህ ያገለገለ መክተፊያ የሚመርጥ ባለሙያ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ፈረስ ጉልበት መሆን የለበትም። አጉራሽ ሮለር የሌለው ባለ ከበሮ መኪና ዋጋው ምንም ቢረክስ ለሥራ ሊገዛ አይገባም። ቀጥሎ የማቆሚያ ዘንጉ ይፈተሻል፤ ሮለሩ እየዞረ ዘንጉን በረጅም እንጨት ገፍቶ ወዲያው መቆሙን ማየት ያስፈልጋል። ዘንጉ በሽቦ ታስሮ ከተገኘ የቀድሞው ባለቤት ሌላውን ክፍል እንዴት ይዞት እንደኖረ ከዚህ መገመት ይቻላል። የከበሮው ወይም የዲስኩ ክዳን መቆለፊያም እንዲሁ ይታያል፤ መኪናው ሳይቆም የሚከፈት ክዳን ሰው ይገድላል።

ከዚያ ወዲያ ያለው የተለመደ የመካኒክ ምርመራ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይነሣል። ከሥራ በኋላ የዋናው ዘንግ ኩሽኔታ ሙቀትና ድምፅ ይጠናል፤ ከመጠን በላይ የጋለ ወይም የሚያጉረመርም ኩሽኔታ ውድ ጥገና እየመጣ መሆኑን ያስታውቃል። ስለቱ ስንት ጊዜ መሳል እንደቀረው፣ ከቋሚው ስለት ያለው ርቀት በአምራቹ መመሪያ ልክ መሆኑ፣ የስለት ማሰሪያ ብሎኖች ትክክለኛው ዓይነት መሆናቸው ይረጋገጣል። በዲስኩና በከበሮው ላይ ስንጥቅ ወይም የመንደር ብየዳ ከታየ ግዢው ይቅር። ወፍራም እንጨት ሲገባና የሞተሩ ዙር ሲወርድ ሮለሩ በራሱ ጋብ ማለት አለበት። የቺንጋው መላላት፣ የሃይድሮሊክ ቱቦዎች መላብ፣ የተሳቢው አክስል፣ ፍሬንና መጎተቻው አይዘነጉም፤ መኪናው ግማሽ ዕድሜውን በመንገድ ላይ ያሳልፋልና። መመሪያ መጽሐፉና መለዋወጫው የማይገኝለት መኪና ከሆነም ርካሽነቱ ለአንድ ሰሞን ብቻ ነው።

በመክተፊያው ላይ የተጨመረው እያንዳንዱ ማቆሚያ፣ መቆለፊያና ዘንግ የተጨመረው የብዙ ሰዎች ሕይወት ካለፈ በኋላ ነው። እነዚህ የሌሉበትን አሮጌ መኪና በርካሽ የሚገዛ ድርጅት ልዩነቱን ራሱ አይከፍለውም፤ ቅርንጫፉን ወደ አፉ የሚያቀርበው ሠራተኛ በየቀኑ በእጁ እንዲያስይዝ ያደርገዋል። መሐንዲሱም በግዢ ሰነድ ላይ ፊርማውን ከማሳረፉ በፊት ይህን ሒሳብ ከዋጋው ጎን ማስፈር ይገባዋል።