የትኛው ጊዮርጊስ?

የአርመን ደም ያለበት የአራዳ ቤተሰብ አያቱ የት ክርስትና እንደተነሣ ተጠይቆ «ጊዮርጊስ» ብሎ ቢመልስ፣ ነገሩ ገና ግማሽ ነው። ፒያሳ አካባቢ ጊዮርጊስ ሁለት ነው። አንዱ ዳግማዊ ምኒልክ ለዓድዋ ድል መታሰቢያ ያሠሩት፣ ንግሥት ዘውዲቱና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነገሡበት ባለ ስምንት ማዕዘኑ የአራዳ ጊዮርጊስ ነው። ሌላው ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የተሠራው የአርመኖች ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በሃይማኖት እኅትማማች ስለሆኑ፣ አርመን አባትና ኢትዮጵያዊት እናት ያለው ልጅ በአንዱም በሌላውም ሊጠመቅ ይችል ነበር። ዘሩን የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን በር ከሳተ ሌላውንም ሁሉ ይስታል።

ለምን በቤተ ክርስቲያን እንደሚጀመር ግልጽ ነው፤ መንግሥት ዘግይቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም፣ መዝገቡ ሥራ ላይ ሳይውል እንዲቆይ ያደረገውም ያው ሕግ ነው። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ካናዳ ተወልዶ የስኮትላንድ ዘሩን የሚፈልግ ሰው በዚህ ሊያስቀናን ይችላል። በስኮትላንድ ከእ.ኤ.አ. 1855 ጀምሮ የመንግሥት መዝገብ አለ፤ ከዚያ በፊት ያለውን ደግሞ የየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መዝግቦታል፤ ከእነዚህ አንጋፋው በእ.ኤ.አ. 1553 ይጀምራል። እኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ መዝገቡ የንስሐ አባቱ፣ የክርስትና አባቱና ጎረቤቱ ነበሩ።

ጎረቤት ደግሞ የሚያስታውሰው በራሱ መንገድ ነው። የውጭ ሰው ሁሉ «ሙሴ» ነበር፤ ሙሴ ካሉ በኋላ የሚከተለው የራሱ ስም እንጂ የቤተሰቡ ስም አይደለም። አርመናዊው መሐንዲስ ሚናስ ኸርበኪያን ለአዲስ አበባ ሰው ሙሴ ሚናስ ብቻ ነው፤ ቤቱም የሙሴ ሚናስ ቤት ነው። በእንፋሎት የሚሄደውን የመንገድ መዳመጫ ያስመጣው ሰርኪስ ተርዚያንም ቢሆን ሕዝቡ የያዘለት «የሰርኪስ ባቡር» የሚለውን ነው። ቀበሌ ከመጣ ወዲህ የተጻፈው ወረቀት ደግሞ የልጅ፣ የአባትና የአያት ስም ይደረድራል፤ በሁለት ትውልድ ውስጥ በ«ያን» የሚያልቀው ስም ከመታወቂያው ይጠፋል። ስለዚህ በአርመኖቹ መዝገብ ውስጥ «የኛ ሰው» ያለው በማናውቀው ስም ሊሆን ይችላል።

በአራዳ ጊዮርጊስ በኩል የተነሣ ከሆነ ግን አንድ ጥሩ መላ አለ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ፣ የክርስትናው ቀን ከታወቀ የልደቱ ቀን ይገኛል። ጥቅምት 23 ክርስትና የተነሣ ወንድ ልጅ፣ ወጉ ከተጠበቀ፣ መስከረም 14 ተወልዷል ማለት ነው። በአርመኖቹ ቤተ ክርስቲያን ይህ ስሌት አይሠራም። በዚያ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ አለ፤ እኛ 1916 ያልነውን ፈረንጅ እንደ ወሩ 1923 ወይም 1924 ይለዋል። በቤተሰብ ወግ ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ የሚወለደው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው።

መንገዱ የሚቋረጥበትም ቦታ አለ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖች ገዳም የተጠለሉ ወላጅ አልባ ልጆች አዩ፤ አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች የተባሉት እነዚህ ናቸው፤ የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። አብሯቸው የመጣው መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ አብዮቱ ድረስ የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ስንት ድምፃዊና ተጫዋች አሠለጠነ። የነናልባንዲያን የትውልድ ከተማ አይንታብ መሆኗ ይታወቃል። የአርባዎቹን ያህል ግን ወላጅ፣ ከተማና የጥምቀት መዝገብ በአንድነት የጠፋበት ሰው ጥቂት ነው። ከእነሱ የሚወለድ ፈላጊ ወደ ኋላ ሲቆጥር ኢየሩሳሌም ላይ ቢቆም ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ያጠፋው በኦቶማን ግዛት የተፈጸመው ጭፍጨፋ ነው።

የቀደሙት ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ልጆች የተሻለ ዕድል አላቸው። ሃይግ ፓታፓን እ.ኤ.አ. በ1930 ቬኒስ ላይ ያሳተመው የኢትዮጵያ አርመኖች ታሪክ አለ፤ በአርመንኛ ነው። አድሪያን ዘርቮስ እ.ኤ.አ. በ1936 በፈረንሳይኛ ያወጣው ዳጎስ ያለ መጽሐፍ የከተማዋን የውጭ ማኅበረሰቦች ከነንግድ ቤቶቻቸው ይዘረዝራል፤ እኔ በበኩሌ ከየትኛውም መዝገብ በፊት የምገልጠው እሱን ነው። ከኦቶማን ግዛት የመጡ አርመኖች ብዙዎቹ በፈረንሳይ ሌጋሲዮን ጥበቃ ሥር ስለነበሩ፣ ናንት ከተማ ያለውን የፈረንሳይ ዲፕሎማሲ ቤተ መዛግብት መጠየቅም አይከፋም። የቤት ፎቶግራፍ ቢገኝ ጀርባውንና የካርቶኑን ግርጌ ማየት ነው፤ የፎቶ ቤት ማኅተም፣ ለምሳሌ የቦያጂያኖቹ ከሆነ፣ ዘመኑን ያጠብባል። ጉለሌ ባለው የጴጥሮስ ወጳውሎስ መካነ መቃብር ደግሞ የቤተሰብ ስምና ዓመት በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ብዙው አርመን አገር ለቀቀ፤ በአንድ ወቅት ከሺህ በላይ የነበረው ማኅበረሰብ ዛሬ መቶ አይሞላም ይባላል። ጎረቤቱ ግን ቀርቶ ነበር። የማን ቤት የማን እንደነበር፣ ሙሴ እከሌ ከማን እንደወለደ የሚያውቁት እነዚያ የፒያሳ እናቶች ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ እነሱም በየዳር ከተማው ኮንዶሚኒየም ተበተኑ። ስለ ሕንጻዎቹ ብዙ ተባለ፤ ስለነዚህ ሰዎች ግን የተባለው ትንሽ ነው። ለዘር ፈላጊ ደግሞ ትልቁ ኪሳራ ይህ ይመስለኛል።

በተለይ በእናት በኩል ለሚፈልግ። መጻሕፍቱ የሚከተሉት ነጋዴውን ወንድ ነው፤ ከቡልጋ ወይም ከመንዝ መጥታ የወለደችለት ሴት ብዙ ጊዜ አትጠቀስም። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አለመለወጧ ግን ትልቅ ረዳት ነው፦ ስሟ ከነአባቷ ከተገኘ ቀጥሎ የሚጠየቀው የትውልድ አገሯና የደብሯ ስም ነው። ዕድርተኞቿን፣ የማኅበር ጽዋ የጠጡትን፣ ልጇን ክርስትና ያነሣውን ሰው ቤተሰብ አፈላልጎ መጠየቅ ነው። አብዛኞቹ አርጅተዋል፤ አዲሱን አድራሻቸውን የሚያውቀውም የዕድሩ ጸሐፊ ነው።